ሕመማቸውን ያልደበቁት የእህታችን የእታለም የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም «እታለም» እያልን የምንጠራቸው እህታችን ከአናጢው አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛዋ እናታቸው የዛሬ ሃምሳ ስድስት ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ እናታቸው ስለታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ስፌት ክፍል ተቀጠሩ። አንሶላ እየዘመዘሙ በጨዋታቸው ክፍሉን ያስቁት ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው የጭነት መኪና ሾፌር አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ታመው ሲያርፉ እታለም ተመረመሩ፤ ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። ሴቷ ልጃቸውም መድኃኒት ሳይደርስላት በሁለት ዓመቷ አረፈች። ሐዘኑ ሳይወጣላቸው የክፍሉ ኃላፊ «መርፌ ቢወጋሽ ደምሽ ልብሱ ላይ ይቀራል» ብለው ከሥራ አሰናበቷቸው።

ወንድ ልጃቸውን ይዘው ታናሽ እህታቸው ቤት ተጠጉ። እህታቸው ብርጭቆና ሳህን ለየችባቸው። እታለም በሦስተኛው ሳምንት ጓዛቸውን ሸክፈው ወጡ። ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ስትጠይቃቸው «ተዪው እቴ፣ እኔም ብሆን እፈራ ነበር» አሏት። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ያቺው እህት ናት።

በተከራዩአት ጠባብ ክፍል ልብስ እየሰፉ፣ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው መድኃኒት ሲጠብቁ ካገኟቸው ሁለት ሴቶች ጋር ማኅበር ጀመሩ። ከቤት የተባረረችውን ያስጠጉ፣ ነፍሰ ጡሯን ክሊኒክ ድረስ ይዘው ይሄዱ ነበር። አንድ ጊዜ መድኃኒት ሲቋረጥ አሥራ አንድ ሴቶች አስከትለው ጤና ቢሮ ሄዱ። ኃላፊው «ተወካይ ብቻ ይግባ» ቢሉ፣ «ጌታዬ፣ እኛ የታመምነው በተወካይ አይደለም» ብለው ሁሉንም ይዘው ገቡ። መድኃኒቱ በአራተኛው ቀን መጣ። ከአሥራ አንዱ ለአንዷ ግን አልደረሰላትም።

የማኅበሩ አባላት መቶ አርባ ደረሱ። እታለም ሴቶቹን ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ሲያመላልሱ፣ የራሳቸውን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያሉ አሳለፉት። ሲታወቅ ረፍዶ ነበር። ስምንት ወር አልጋ ላይ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ አረፉ።

ከቤተሰቡ «ባደረባቸው ሕመም ተብሎ ይለፍ» ያሉ ነበሩ። እሳቸው ግን «ሁለቱንም ሕመሞች በስማቸው ጻፏቸው፤ በቀብሬ ሲነበብ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ትሰማ ይሆናል» ብለው አደራ ሰጥተዋል። እታለም ከኤች አይ ቪ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖረዋል፤ የሞቱት በካንሰር ነው።

አንድ ልጃቸው፣ እህታቸውና መቶ አርባ ሴቶች ከኋላቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ከኋላ ለተቀመጠችውም ብርታቱን ይስጣት።