ለባዶ ወንበር የተነገረ ቃል

ለቀድሞው ወዳጄ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ጣቶችህም ከመጋዝ የተረፉ እንዲሆኑ እመኛለሁ። ሳሉ እንዴት አደረገህ? የባሕር ንፋስ ለደረት አይሆንም ይላሉ፤ መጨረሻ ስሰማህ ድምፅህ ሻክሮ ነበር። ድምፄን ከየት ሰማችው ብለህ ይሆናል፤ እደርስበታለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምልህ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

ጽሕፈቴን ሳትለየው አትቀርም፤ ያው ዶሮ የጫረው የምትለው ነው። ቆመህ የምታነብ ከሆነ ተቀመጥ፤ አጠገብህ ሰው ካለ ዘወር በል። የያዝኩት ወሬ ክፉ ነው፤ ከሥር ከመሠረቱ ካልነገርኩህ ግን አታምነኝም። አንድ ደግ ነገርም አለው። ስለዚህ መካከል ላይ እንዳትጥለው።

አንተ ካገባህ በኋላ የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ባለቤት ሞቱና ልጆቻቸው ዘጉት። ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ቃል ቤት አፍ ይፈልጋሉ አሉኝ። አንተ እዚያ መርከብ በምትሠሩበት ከተማ፣ ቃል ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠህ ለሚስትህ ታወራለህ እንጂ ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳለ ጠይቀህ አታውቅም። ማንም አይጠይቅም። ከመጋረጃው ጀርባ ሰው አለ። በየከተማው ባሉት ቃል ቤቶች የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ያለው ውሃ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። አንተ እዚያ ገንዳው ላይ ስትናገር፣ እዚህ እጇን ውሃው ውስጥ የነከረችው ሴት አፏ በራሱ ይከፈትና ያንተ ድምፅ፣ ሳልህ ሳይቀር፣ ይወጣል። ትሰማዋለች፤ ላስቁመው ብትል ግን አትችልም። መልሱም እዚያ ባለው አፍ እንዲሁ ይደርስሃል፤ አፍ የሚባለው ሥራ ይኼ ነው። የሰማነውን ለሰው አናወራም፤ ከባለጉዳይ ጋር አንድ ቃል አንለዋወጥም። ይህን ብለን ምለን ነው የምንገባው።

ሥራው ዋጋ የሚያስከፍል ሥራ ነው። ከኛ ጋር አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሽ በቀቀን እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን እዚያ ፈጅተው የራሳቸው ድምፅ አልቋል። በአፋቸው ያለፈው የሰው ድምፅ እንደ አተላ ከሥር ዘቅጦ ቀርቷል። ገበያ ወርደው ሽንኩርት ሲጠይቁ የአንድ ሟች ዳኛ ድምፅ ይወጣቸዋል፤ ነጋዴዋ ክው ትልና አብዝታ ትመርቅላቸዋለች። «ሰውየው በቁሙ ያልጠቀመኝን ሞቶ ጠቀመኝ» ይላሉ። እንስቃለን። ሁላችንም ግን ወደዚያው እየሄድን መሆናችንን እናውቃለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ እጄን እንደነከርኩ አፌ ተከፈተና «እንዴት ዋልሽ የኔ መብራት» አልኩ። ድምፁ ያንተ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ሚስትህ በደስታ ሳቀች።

የኔ መብራት ያልከኝ መጀመሪያ እኔን ነበር፤ ልብስ ማጠቢያው ጓሮ፣ እርጥብ አንሶላ መሀል ቆመን። ሰው ሴት ሲቀይር ቃል አይቀይርም እንዴ? ለአለቃችን ነግሬ በሌላ አፍ መተካት እችል ነበር። አልነገርኩም። ለምን እንደሆነ አንተው ገምት። ከዚያ በኋላ አንተ በመጣህ ቁጥር እኔ ነበርኩ። ስለምትሠሩት መርከብ፣ ስለ አለቃህ ክፋት፣ ጫማህን ስለበላብህ አይጥ፣ ስለ ናፍቆትህ ያወራኸውን ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ሚስትህን ለመጥላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። አንድ ቀን አውርታችሁ ስትጨርሱ ተነስታ አልሄደችም። «አንቺ እዚያ ውስጥ ያለሽው፣ ጉሮሮሽ አይደርቅም?» አለች። ቀጥሎ በመጋረጃው ሥር አንድ ኩባያ ውሃ ገባ። ያን ያህል ጊዜ ሠርቼ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልስ መስጠት ክልክል ስለሆነ ዝም ብዬ ጠጣሁና ባዶውን ኩባያ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሳትይዝ መጥታ አታውቅም።

ኋላ ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጨርቅ ታቅፋ ቆማ አገኘኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ከኔ በፊት የነበርሽው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ። ምን እንደምትል አላውቅም ብዬ ለመሄድ ሞከርኩ። እሷ እንደሆነች በነገር የምትታለል አይደለችም፤ አንተም ታውቃታለህ። «ባሌ ሲያወራኝ ድምፁ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። እሱ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይደለም። የሚንቀጠቀጠው አፉ ነው አልኩ» አለችኝ። «ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ፤ ልብስ የማየው ገልብጬ ነው።»

እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ክንዴን ያዘችና፣ «መጋረጃ ውስጥ ተደብቀሽ ከምታለቅሺ ቤቴ ነይና አልቅሺ» አለችኝ። ሄድኩ። አለቀስኩም። ቀጥሎ ስላንተ ማንኮራፋት አንስተን ስንስቅ አመሸን። ይቅርታ አድርግልን፤ ብዙ አማንህ። ከዚያ ወዲህ እህት የሌለኝ እኔ እህት አገኘሁ።

መጨረሻ ጊዜ መጥተህ ከተመለስክ በኋላ ሚስትህ ፀነሰች። ልንገረው አላለችም። እኔ ስወተውታት፣ «ሁለቴ አስደስቼው ሁለቴ አስለቅሼዋለሁ። ይኼኛው ሲወለድ ድምፁን ያሰማዋል» አለችኝ። ከዚያ በፊት የጨነገፉባችሁን ማለቷ ነበር። ሆዷ ገፍቶ እየመጣች ወንበሩ ላይ እያቃሰተች ትቀመጣለች፤ አንተ ደግሞ እዚያ ሆነህ «ምነው ድምፅሽ ደከመ?» ትላታለህ፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትልሃለች። አልዋሸችህም፤ በእርግጥም ትልቅ ሥራ ላይ ነበረች።

ክረምቱ እንደገባ ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄደ፤ ምንጩም ደፈረሰ። ውሃው ሲደፈርስ ቃል አያልፍም፤ ስለዚህ ቃል ቤት ተዘጋ። ምጧ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከነጋ ጀምሮ ስትጨነቅ ቆይታ ረፋዱ ላይ ልጅቷ ወጣች፤ አዎ፣ ሴት ልጅ ናት። ጮኸች፤ ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው አዋላጇ ወደ ጥግ ጠሩኝና፣ «ልጅቷ ጤነኛ ናት። የእናትየዋ ደም ግን እምቢ አለኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። አልቆመም።

እሷ ማንም ሳይነግራት ገባት። ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ «ቃል ቤት ክፍት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝግ ነው አልኳት። «የሱ ድምፅ አንቺ ጋ ቀርቷል አይደል?» አለችኝ። የቀረ ድምፅ ባለቤቱ ሳይናገር ማውጣት ለኛ ትልቅ ነውር ነው፤ ከሥራም ያስባርራል። ይህንኑ ነገርኳት። «ማን ይከሰናል?» አለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

አወጣሁት። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር፤ ካንተ አፍ ያልወጣ ነገር ባንተ ድምፅ ልጨምርባት አልደፈርኩም። ስትሰናበታት ሁልጊዜ የምትላትን፣ «በሩን መቀርቀር እንዳትረሺ፤ ነገ የኛ ነው» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነችና፣ «ቀርቅሬዋለሁ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ፈጣሪ ነፍሷን በገነት ያኑርልን። አሁን አልቅስ። ወረቀቱን አስቀምጠህ አልቅስና ተመልሰህ ና፤ እኔ እጠብቅሃለሁ።

የቀበርናት ዝናብ ሲያባራ ነው። የሰፋችላቸው ሴቶች ሁሉ የሰፋችላቸውን ልብስ ለብሰው መጡ። ሰፈሩ ያን ያህል አምሮ አይቼው አላውቅም።

ውሃው ሲጠራ አንተ እንደ ልማድህ እዚያ ገንዳው ዘንድ መጣህ። ሞት በውሃ እንደማይነገር ታውቃለህ፤ በሰው ወይም በወረቀት ካልሆነ ክልክል ነው። ወንበሩ ባዶ ቢሆንም፣ ባለጉዳይ ከዚያ ከተናገረ አፍ ከዚህ ይናገራል። «ምነው ዝም አልሽኝ?» አልክ፤ አልኩ። «ምን አጠፋሁ?» አልኩ። «መርከቡ ባሕር ሳይወርድ ማንም እንዳይሄድ ታግደናል እንጂ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር። እባክሽ አንድ ቃል ተናገሪኝ» አልኩ። መጋረጃው በሳሳበት በኩል ወንበሩ ይታየኛል። ያንተን ልመና በገዛ አፌ ለባዶ ወንበር ለመንኩ። እንባው የኔ ነበር፤ እንባ በውሃ አያልፍም። በተከታዩ ቀጠሮም መጣህ፣ ከዚያም በኋላ። እየቆየህ ተቆጣህ፤ እየቆየህ ደግሞ ለመለመንም ድምፅ አጣህ። መጨረሻ ላይ «ከጠላሽኝም ይሁን፤ ደኅና ሁኚ» አልክና ቀረህ።

ወረቀት ከገዛሁ ቆይቷል። ልጽፍልህ ስቀመጥ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ስትተኛ ደግሞ እኔ እደክማለሁ። ልጅ ማሳደግ ጊዜ ይበላል፤ ቀን ቀንን እየወለደ እዚህ ደረስን።

የሚስትህ አክስት እርጅናቸው ስለከበደ «አንቺው ያዣት» ብለውኝ፣ ልጅህ እኔ ዘንድ ናት። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል፤ ወተትም አጥታ አታውቅም። ጆሮዋ ያንተ ነው፤ ሳቋና እልኳ የእናቷ። መጀመሪያ ሰሞን እሹሩሩ ስላት ይብስባት ነበር። የኔ ድምፅ ተሟጦ የቀረው እንደተሰነጠቀ ሸክላ የሚንኳኳ ነው፤ ልጅም ይፈራዋል። አንድ ቀን አልቅሳ አልቅሳ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ ምርጫ አጣሁና ያንተን ድምፅ አወጣሁት። ቀጥ አለች። ሆድ ውስጥ ሳለች የሰማችው ነው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳጥባትም፣ ሳበላትም፣ ሳስተኛትም ባንተ ድምፅ ነው። ጎረቤት ከቤቴ የወንድ ድምፅ ሰማን ብሎ ያማኛል። አከራዬ ሳሙና ልዋስ ብለው ገብተው አልጋ ሥር ሳይቀር አይተው ወጡ። ልጅቷን የኔ ናት ብለው ያሙኛል። ይህንንም አላስተባበልኩም።

ልትመጣ እንደምትነሳ አውቃለሁ። ግን አትቸኩል። ክረምቱ እንደገና መጥቷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሥራህን ጥለህ ብትመጣ ደግሞ ምን ታበላታለህ? የባሕር ዳር አየር ለሕፃን ሳንባ አይስማማም፤ አንተም በሳልህ ታውቀዋለህ። ጥርስ እያወጣች ነው፤ በጥርስ ጊዜ ልጅን ካለመደው ሰው ጋር ማድረግ አይመከርም። ካደገች በኋላ፣ እግሯ ሲጸና፣ ነገር ሲገባት ብትመጣ ይሻል ይመስለኛል።

እስከዚህ ትናንት ጻፍኩና ላጥባት ተነሳሁ። ውሃ ውስጥ ተቀምጣ እያንቦጫረቀች፣ እኔም ባንተ ድምፅ እያጫወትኳት ሳለ፣ በእርጥብ እጇ አገጬን ያዘች። አፌን ትክ ብላ አየችና «አባ» አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው ቆሞ እንደሆነ አየሁ። ማንም የለም። ደገመችልኝ።

ይህን መቀበል አልቻልኩም፤ ቃሉ ያንተ ነው። ሌላውን ሁሉ ችዬ ተቀብዬ ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩም። ከላይ የጻፍኩትን አልሰርዘውም፤ እንዳለ ይድረስህ። ግን ይህንንም እወቅ፤ ድልድዩ ከተጠገነ ሰንብቷል። ቤቴ ከቃል ቤት ጀርባ፣ ደረጃው የተሸራረፈው ነው። ስትገባ ቶሎ አትናገር፤ መጀመሪያ ፊትህን ትልመደው።

መንገዱን ያቅናልህ፤ የምታየውን ሁሉ የምትችልበት ልብ ይስጥህ። ልጅህን ለቁም ነገር ያብቃልህ። ለኔም ቀሪ ዕድሜዬን ዝምታ ያድርግልኝ።

የሚስትህ ወዳጅ