ለባቫሪያው ዘፋኝ የሰጠሁት ግጥም

ሐሙስ

መምጣቱ እርግጥ ሆነ። ያ በባቫሪያ ገጠር ዘዬ ሹማምንትን እያሽሟጠጠ የሚዘፍነው፣ በተማሪነቴ ዘመን ሙኒክ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ የምሰማው ጊታር መቺ፣ ፀጉሩ እንደ እኔው ነጥቶ፣ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከፎቶው ቁልቁል አየኝ። ከነገ ወዲያ፣ ከእኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማትርቀው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ይዘፍናል። ልጄ ሒሩት ወዲያው ስልኳን አውጥታ፣ «ሁለት ቲኬት ቡክ አድርጌያለሁ፤ እንቢ ማለት የለም አባባ» አለችኝ። ያልነገርኋት ነገር አለ።

ዓርብ

ለሒሩት ያልነገርኋት ይህ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ሰውየው ከንቲባውን ሲወርፍ ልቤ ሞቀና፣ በአገሬ ለአዝማሪ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ወደ መድረኩ ተጠግቼ በጆሮው ግጥም ሰጠሁት፦ ከንቲባው ድልድይ ሠሩ፤ ወንዙን ግን ማምጣት ረሱ። ግጥም መስጠት በእኛ ዘንድ ማክበር መሆኑን እርሱ ከየት ይወቅ? ዘፈኑን አቋርጦ፣ «ዘፋኙ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ሲለኝ አዳራሹ በሙሉ ሳቀብኝ። ኮቴን ሳላነሣ ወጣሁ፤ ዳግም አልተመለስሁም።

ለነገ፦ ግራጫው ኮት፣ መነጽር፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ ዝም ማለት።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

አዲስ ግጥም ጽፌ ኪሴ ከትቻለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ሒሩት ከታች ክላክስ እያደረገች ነው።

እሑድ



ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠን እየተረጐምሁላት ሳለሁ፣ ያንኑ የድልድዩን ግጥም ዘፈነ። ቀጥሎም፣ «ይህን የሰጠኝ አንድ አፍሪቃዊ ተማሪ ነው፤ አዋርጄ አባረርሁት፤ በሳምንቱ ግን ዘፈንሁት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዘፍነዋለሁ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም» አለ። መተርጐሜን አቆምሁ።

«ምን አለ? አባባ፣ ምን አለ?»

ነገርኋት።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ይነሡ እንጂ» ብላ በክርኗ ገፋችኝ።

ተነሥቼ ወደ መድረኩ ተጠጋሁ። ፊቴን ትክ ብሎ አየና፣ ጊታሩን እንደያዘ እስከ መድረኩ ጫፍ መጥቶ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። ኪሴ የከተትሁትን ሰጠሁት፦ ከንቲባው ተሻሩ፣ ተተኪውም ተሻሩ፤ ድልድዩ ግን ወንዙን ይጠብቃል። በዚያው በገጠሩ ዘዬ አዙሮ ሲዘፍነው በጀርመኖች የተሞላው አዳራሽ ሳቀ፤ ያን ጊዜ የሳቁብኝን ያህል፣ አሁን በግጥሜ ሳቁ።

ስንለያይ ስሜን ጠይቆ፣ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ ከጊታሩ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ሦስተኛ ግጥም ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ስንኝ ጽፌያለሁ፤ ሁለተኛው ገና አልመጣልኝም።