ባለ ሁለት ራሱ ጭራቅ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድምጋሼ ጸጋአብ፣

እንዴት ከረምክ? እማዬም እኔም፣ የላፍቶ ጭቃም ሳይቀር ደህና ነን።

እማዬ በተረት ታስፈራራን የነበረውን ጭራቅ ሣልኩት። ሁለት ራስ ሰጠሁት፤ ራሶቹ ይናከሳሉ፣ ሆዳቸው ግን አንድ ነው። መካኒሳ አቦ አጠገብ አንዲት ካፌ ውስጥ ተሰቅሏል። ጎረቤታችን ጋሽ በንቲና ባለሱቁ አስረስ አብረው ሊያዩት መጡና፣ "ይሄ ክፉው እኛ ነን ማለት ነው?" ብለው ሁለቱም በየፊናቸው፣ የእኔን ወገን ነው የሣልሽው እያሉ፣ በዚያው በግራው ራስ ተቀየሙኝ። እማዬ ግን ሆዱን ብቻ ስታይ ቆይታ፣ "ታዲያ ማን ሊጠግብ ነው?" አለች።

እሷ አሁን ዜና ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። ስልኳ ከቻርጀር አይነቀልም። እናንተ ጋ ግንባር ኔትወርክ የለም ስላሉን፣ ይህን ወደዚያ በሚመላለሰው ሹፌር በሮበሌ እጅ ልኬዋለሁ።

ከሥዕሉ ሥር "ተረት ተረት" ብዬ ጽፌ ከጎኑ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ያየው ሁሉ ልሙላልሽ ይለኛል፤ እምቢ ብያለሁ። ድሮም ከሁላችን ቀድመህ "የላም በረት" የምትለው አንተ ነበርክ። በብጣሽ ወረቀትም ቢሆን፣ በራስህ እጅ ጽፈህ በሮበሌ ላክልኝ።

ሁለት ቃል ብቻ ናት፣ ወንድምጋሼ።

ቦታህን የያዘችልህ እህትህ ቲና