ሰልፍ መሐል የተኙት ነባር

ቅዳሜ፣ ማርች 7፣ ጠዋት
ዛሬም ኖርክሮስ፣ የመጋዘኑ ፓርኪንግ። የእንጨት ጠመንጃ። ደብተሬ ሆይ፣ የናፖሊዮን ዘመን እግረኛ መስለን በክለባችን የምናሳየው ትርኢት ሁለት ሳምንት ቀረው። አሠልጣኙ እኔ። ክርን ለክርን ተነካክቶ መቆም፣ አለመሮጥ፣ ሳይታዘዙ አለመተኮስ፤ የዚያ ዘመን ወታደር ጥሩነቱ ይኸው ነበር። ማነጣጠር ብዙም አልተማረም። ምልምሉ በቅጡ ሳይሠለጥን ይዘምትና በመንገድ ላይ ከነባሩ ይማር ነበር። እኔም አዲሶቹን በጋሽ ወርቁ ግራና ቀኝ አቆምኳቸው። ጋ.ወ. አገር ቤት የእውነት ወታደር ነበሩ። አቋማቸው ያምራል። የልጅ ልጆቻቸውን ለትርኢቱ ጠርተዋል።

ቅዳሜ 14፣ ከሰዓት
ከከተማ ውጭ፣ ሜዳ ላይ። የመጀመሪያ ባሩድ፣ ያለ ጥይት። ባሩዱ የተጠቀለለበት ወረቀት የሚቀደደው በጥርስ ነው። አንዱ ጾም ያስፈታል ወይ አለ። ባሩድ ጥሉላት አይደለም አልኩት።
ተኩስ! ጭሱ ገለጥ ሲል ሰልፉ ጥርስ እንደወለቀበት አፍ መሐሉ ክፍት ነው። ጋ.ወ. በደረታቸው ተኝተዋል። ደገምን። ደግመው ተኙ። በሦስተኛው ሁለቱ አዲሶችም አብረው ዘፍ። ከነባር ተማሩ ያልኩት እኔው፤ ተማሩ።
ነጭ ሱሪያቸውን እያራገፉ፣ «ሶሪ፣ የኔ አለቃ። እኛ ዘንድ ቆሞ የቀረ አልተመለሰም» አሉኝ።

እሁድ
የክለቡ ሻምበል ቴክስት አደረገ። ሽማግሌውን አውጣቸው፣ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ይሁኑ። እውነቱን ነው፣ ሰልፍ ያፈርሳሉ። ግን ተናደድኩ። በልጅ ልጆቻቸው ፊት ትኬት!

ረቡዕ
ስለዚያ ዘመን ሳነብ ዋልኩ። ከሰልፉ ፊት ተበታትነው የሚዋጉ ነበሩ ለካ። ይንበረከካሉ፣ ይተኛሉ፣ ከዛፍ ኋላ ይተኩሳሉ። አለቃ አጠገባቸው ስለማይቆም የሚታመን ሰው ይመረጥ ነበር።
ወደ ዶራቪል ነዳሁ። ጋ.ወ. ታክሲያቸውን ፓርክ አድርገው ደንበኛ ይጠብቃሉ። እርስዎም እንደነዚያ ከሰልፉ ፊት ይሁኑ አልኳቸው። ሰሙኝና ብቻቸውን እንደሆነ ጠየቁ። አይደለም፣ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ጠመንጃውን ሳይሞላ ሌላው አይተኩስም። ታዲያ ጥንዴ ማነው አሉ። አዲሶቹ ከክርን ሌላ የሚያውቁት የለም። ላስብበት ብዬ ተመለስኩ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ማታ
ለሻምበሉ ደወልኩለት፤ ተስማማ። ሰልፉን ሌላ ሰው ያዝዛል። የማዕረጉን ምልክት ከእጅጌዬ ፈታሁት፤ ክሩ አስቸገረኝ። ነገ ከሰልፉ ፊት፣ ሣር ውስጥ፣ ጋ.ወ. ሲሞሉ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። መተኛት ግን አልሠለጠንኩም። ጠዋት በጊዜ ና፣ አስተምርሃለሁ ብለዋል።