ያልሞከርኳት አንዲት ቁጥር

ውድ እትዬ፣

ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የነገርኩሽ አንድ ውሸት ይበቃኛል።

ከሱቁ በር በላይ ያለችውን የናስ ሰሌዳ ዛሬ ልወለውላት አወረድኳት። አባባ በገዛ እጁ የቀረጸው ቁጥር እንዳለ ነው፤ 994009። ሚዛን ጠጋኝ ለልጆቹ ኑዛዜውን በቁጥር ይተዋል ብሎ ማን ያስባል? «ይህን ሰብራችሁ አምጡልኝ፤ ሱቁ የማን እንደሚሆን እዚያ ውስጥ አለ» ሲለን ሳቅንበት።

ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ የማይከፍለውን ቁጥር «ግትር» ይለው ነበር። «እንደ እናታችሁ» ሲል፣ ነፍሷን ይማርና እማዬ ከጓዳ «ሰምቼሃለሁ!» ትለው ነበር። ቁጥሩ ግትር መሆኑን ለማወቅ ከሺህ በታች ባሉት ግትሮች መሞከር ይበቃል፤ ሺህ በሺህ ሲባዛ ይበልጠዋልና። 168 ናቸው። አንቺ እስከ አምስት መቶ ያሉትን ዘጠና አምስቱን ወስደሽ ሰባ ሦስቱን ተውሽልኝ። «ታናሽ ነህ፣ ይቅለልህ» አልሽኝ። ሁሌም እንዲህ ነሽ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 991 ላይ ደረስኩ፤ እሱም አልከፈለውም። ጓደኞቼ ኳስ ይዘው ከደጅ ይጠሩኛል። የቀረችኝ አንዲት ናት። ሰባ ሁለቱ እንቢ ካሉ እሷ ምን ታመጣለች አልኩ።

«ጨረስክ?» አልሽኝ።

«ጨረስኩ።»

«እስከ መጨረሻዋ?»

«አንቺ ደግሞ! ጨረስኩ አልኩሽ እኮ።»

ለአባባ «ግትር ነው፣ አይሰበርም» ብለሽ ነገርሽው። «በሉ ደግማችሁ እዩት» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ቁጥሩን ደግመን ሳናየው በወሩ ሞተ። አንቺም «የማይከፈል ቁጥር የሰጠን ሱቁ አይከፈልም ሲለን ነው፤ ያንተ ይሁን» ብለሽ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ወጣሽ። ከእኔ ይልቅ ሥራውን የምትወጂው አንቺ እንደሆንሽ አውቅ ነበር። አንዲት ቁጥር መዝለሌንም አውቅ ነበር። ሱቁን ግን ተቀበልኩ።

ዛሬ ሰሌዳዋን እንደያዝኩ የድሮ ደብተሬን ፈለግኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ገጹ 991 ላይ ያበቃል፤ ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር አለ። እዚያው ቆሜ ለ997 አካፈልኩት። ያለ ቀሪ ደረሰ። ድርሻውም ራሱ 997 ነው። ይህን ቁጥር ሌላ የሚሰብረው የለም፤ ሁለት ግትሮች ብቻ፣ እነሱም እኩል።

ስድስት ዓመት ሙሉ በአንቺ ድርሻ ላይ ተቀምጫለሁ፣ እትዬ። አፍሬያለሁ። ናፍቀሽኛልም።

ፖስታው ውስጥ የሱቁን ቁልፍ ታገኛለሽ፤ አዲስ አስቀርጬ ነው። ሰሌዳዋን ግን መልሼ አልሰቀልኳትም። መሰላሉ ይወላገዳል፣ ከሥር የሚይዝልኝ ሰው እጠብቃለሁ።

ሰባ ሁለት ላይ ያቆመው ታናሽሽ