የወጣችውን ዕጢ ጤናማ ላላችሁልን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ በእርስዎ ቤት ደህና ያልሆነ ሰው እንደሌለ ከወረቀታችሁ ተረድቻለሁና።

ይህን የምጽፈው ስለ ታናሽ እህቴ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከግራ ኩላሊቷ በላይ ባለችው፣ አድሬናል በምትባለው ዕጢ ላይ እብጠት በቅሎ ደም ግፊቷ ጣራ ሲነካ፣ የእርስዎው ቀዶ ሕክምና ክፍል ዕጢዋን ከነእብጠቱ አውጥቶ አትርፎልናል። ለዚያ የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ነው። ዘንድሮ ያው ራስ ምታት፣ ያው ላብ፣ ያው የልብ ድው ድው ሲመለስባት፣ በአዲሱ የኤምአርአይ ማሽናችሁ እንድትታይ ታዘዘች። ስለ ውጤቱም እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

1ኛ. ሪፖርቱ «ሁለቱም አድሬናል ዕጢዎች በመጠንም በቅርፅም ጤናማ ናቸው» ይላል። እናንተው ቆርጣችሁ ያወጣችኋትን ዕጢ በቦታዋ ስላገኛችሁልን እጅ እንነሳለን። እኔ ተራ ልብስ ሰፊ ስሆን እንኳ እጅጌ ከመቁረጤ በፊት ደንበኛዬ ስንት እጅ እንዳለው ቀና ብዬ አያለሁ።

2ኛ. ስህተቱን ላስረዳ ስሄድ የራጅ ክፍሉ ጸሐፊ፣ ጽሑፉ ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ እንደሆነና የሚለወጠው ስምና ዕድሜ ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። እህቴ አርባ ደቂቃ በዚያ ጆሮ በሚበጥስ ጩኸት ውስጥ ትንፋሿን እየያዘች የተኛችው ማንም ላላየው ምስል መሆኑን ስሰማ ምስሉን በሲዲ ገልብጠው እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ።

3ኛ. ምርመራውን ያዘዙላት ቀዶ ሐኪም ወረቀታችሁን አምነው ጭንቀት ነው በማለት ወደ አእምሮ ሕክምና ላኳት። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ ስትወድቅ ግፊቷ ሁለት መቶ ሠላሳ ነበር። በእርግጥ ተጨንቃለች።

ምስሉን በሲዲ ይዤ ሌላ ከተማ ላሉ ሐኪም ወሰድኩት። ስድስት ደቂቃ አይተው በቀኟ ዕጢ ላይ የሦስት ሴንቲ ሜትር እብጠት በጣታቸው አሳዩኝ። ማሽናችሁ በትክክል አንስቶት ኖሯል።

ለእኛ ምንም አልጠይቅም። ያንኑ ወረቀት ይዘው ተመስገን እያሉ ወደ ቤታቸው የሄዱትን ሰዎች ምስል ግን እባክዎ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይይላቸው።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
በወረቀት ሁለት፣ በአካል አንድ ዕጢ ያላት ሴት ታላቅ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ሰኞ እዚያው ሌላ ከተማ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ከዳነች መጥታ ታመሰግናችኋለች። ክፉ ካገኛት ግን የሞት ማስረጃዋን ከሌላ ቦታ እናስጽፋለን፤ እናንተ ጋ ብናመጣት ጤናማ ናት ብላችሁ እንዳትመልሱን ፈርተን ነው።