ከብየዳ ቤቱ ጀርባ

ጥቅምት ፭ ቀን

ለምትናፍቀኝ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? እኛ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ አሁንስ አልቀድም።

አክስቴ ቤት ግቡ ብለኸን ነበር። አልገባንም። እማዬን አትቆጣት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የአክስቴ ቤት ሰፊ ነው፤ ለእኔና ለትንሿ እህቴ ለሚጢጢ ለብቻችን ክፍል ሰጥታን ነበር። ግን ሚጢጢን እዚያ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ስንወስዳት ርዕሰ መምህሩ፣ «ጆሮዋ ባይሰማም ችግር የለም፣ ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጣታለን» አለ። እማዬ አመሰገነችው። እኔ ሰው ፊት መናገር አፍራለሁ፤ መቼም ታውቀኛለህ።

በማግስቱ ግን፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል አለው የተባለውን ሌላ ትምህርት ቤት ዓይተን እንምጣ ብዬ እማዬን ለመንኳት። ሁለት ታክሲ ይዘን ሄድን። መምህሯ ሚጢጢ ፊት ተንበርክካ በእጇ አወራቻት። ሚጢጢ ዓይኗን ከመምህሯ እጆች አልነቀለችም። ስንወጣ የበሩን እጀታ ይዛ አልለቅም አለች። ያኔ፣ «እማዬ፣ የምንኖረው እዚህ ነው» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

በአቅራቢያው የተገኘው ከብየዳ ቤት ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ጩኸቱ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። እማዬ፣ «ልጅ እንዴት ይተኛበታል?» ብትለው በያጁ፣ «እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ አይጥ እንኳ ጥሎን ሄዷል» አላት። ዘወር ስንል ሚጢጢ የእማዬን ቦርሳ ተንተርሳ ለጥ ብላለች። እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በዚያው ገባን። የስፌት መኪናዋም ከመስኮቱ ሥር ልክክ አለ።

አሁን ሚጢጢ «ውሃ» እና «እምቢ» ማለትን በእጇ ታውቃለች። እምቢውን አብዝታዋለች። መምህሯ፣ «ቤት ውስጥ የሚያወራት ሰው ያስፈልጋታል» ብላ እኔንም ከኋላ አስቀምጣኛለች። ደብተር ገዛሁ። ሚጢጢን ለመጠበቅ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። በእጅ ሲወራ አላፍርም መሰለኝ፤ ትናንት ክፍሉን ሙሉ አሳቅኩት።

«አባት» ማለትንም ተምራለች። ፎቶህ ፊት ቆማ ደጋግማ ትልሃለች። መልሱን እኔ አሳይሃለሁ፤ ቀላል ነው።

ፈጣሪ ያለህበትን መንገድ ያቅናልህ፣ ጤናህን ይጠብቅልን። ስትመጣ ግን በሩን አታንኳኳ፤ በዚህ ጩኸት ማንም አይሰማህም። ዝም ብለህ ግባ።

ትልቋ ልጅህ